ከላይ መጣ፣ ከታች መጣ፦ ታንግሚንና ጎረቤቶቹን በመስክ ማጥናት

የተከበራችሁ አድማጮች፣

በአማርኛ «መጣ» ስንል ሰውየው ከዳገቱ ይውረድ፣ ከሸለቆው ይውጣ፣ ግሱ ያው ነው። በኔፓልኛም «አውኑ» የሚለው አንድ ግስ ለሁሉም ይበቃል። በኔፓል፣ በዶላካና በሲንዱፓልቾክ ወረዳዎች የሚነገረው ታንግሚ ግን ለዚሁ ነገር አራት ግሶች አሉት። ቁልቁል ለሚመጣ «ዩሳ»፣ ሽቅብ ለሚመጣ «ዋንግሳ»፣ በአግድም ወይም ጉብታ ዞሮ ለሚመጣ «ክየልሳ»፤ ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ወይም መናገር ካላስፈለገ ደግሞ «ራሳ» ይባላል። መጨረሻቸው ላይ ያለው «-ሳ» በ«መምጣት» ውስጥ ያለው «መ-» የሚሠራውን የሚሠራ ቅጥያ ነው።

አንድ አጥኚ የቃላት ዝርዝሩን ይዞ «አውኑን በቋንቋችሁ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ በኔፓልኛ ቢጠይቅ የሚሰጠው «ራሳ» ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አቅጣጫ አልጠየቀምና። ደብተሩ ላይ አንድ ቃል ይሰፍራል፣ ሦስቱ ይቀራሉ። መላሹ አላጠፋም። የተጠየቀበት ቋንቋ ልዩነቱን ስለማያውቀው ጥያቄው ልዩነቱን ሊሸከም አልቻለም። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው፦ ትንሹን ቋንቋ የምናየው ሁልጊዜ በጎረቤት ቋንቋ በኩል ስለሆነ ጎረቤቶቹን ሳናጠና እሱን አጥንተናል ማለት አንችልም።

መጀመሪያ ስለ አገሩ ጥቂት ልበል። ታንግሚ ከቲቤቶ-በርማ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሕዝቡ ራሱን «ታንግሚ» ይላል፤ በኔፓልኛና በመንግሥት ወረቀት ላይ ግን «ታሚ» ተብሎ ስለሚጻፍ ሰነድ የሚፈልግ ሰው በሁለቱም ስም መፈለግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ታንግሚን የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ያለው ሰው ከ23,000 በላይ ነበር። ቋንቋው የዶላካና የሲንዱፓልቾክ ተብለው የሚለዩ ሁለት ዘዬዎች አሉት። በዙሪያው ኔዋር፣ ታማንግ፣ ሸርፓ፣ ጂሬልና ሱሬል የሚናገሩ መንደሮች አሉ፤ ሁሉንም የሚያገናኘው ኔፓልኛ የሕንድ-አውሮፓ ዘር ነው። የዶላካ ከተማ ከካትማንዱ ሸለቆ ወደ ቲቤት በሚወስደው የንግድ መንገድ ላይ የቆመች የኔዋሮች ከተማ ስትሆን ታንግሚዎች ገበያ የሚወርዱት ወደ እሷ ነው። ሥራ ፍለጋ ሕንድ ውስጥ ወዳለችው ዳርጂሊንግ የሄዱት ታንግሚዎች ልጆች በአብዛኛው ኔፓልኛ ተናጋሪ ሆነዋል። በአገራችንም ኦንጎታዎች የአባቶቻቸውን ቋንቋ ትተው የያዙት የጎረቤታቸውን የፃማይን ቋንቋ ነው። የሚውጠው ቋንቋ በየአገሩ ይለያያል፤ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ግን የጥናቱ አካል ነው።

ስለ ጊዜው፦ ዝናቡ እንደ እኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል። መንገድ በናዳ ይዘጋል፣ ሰውም ሩዝ ተከላ ላይ ይሆናል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚቀዳ ድምፅም በዝናቡ ምክንያት ዋጋ አይኖረውም። ዝናቡ ሲያበቃ የዳሳይንና የቲሃር በዓላት ተከታትለው ይመጣሉ። ቁጭ ብሎ ለመሥራት የሚመቸው ከኅዳር አጋማሽ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ኔፓልኛ በሚገባ መማር ግድ ነው። በአስተርጓሚ የሚሠራ ሰው ሁለት ወንፊት ይደርብበታል። ኔፓልኛ የሚጠቅመው ግን መንደሩ ለመግባት፣ ፈቃድ ለመጠየቅና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለመሥራት ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ራሱ ቀስ በቀስ ወደ ታንግሚ መዞር አለበት፤ «ይህ ምንድን ነው?»፣ «ምን እያደረገ ነው?»፣ «እንዲህ ማለት ይቻላል?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች በመጀመሪያው ሳምንት በታንግሚ ሊጠኑ ይገባል።

ወደ አራቱ «መምጣት» ልመለስ። እነዚህን ለማግኘት መጠየቅ ሳይሆን ማሳየት ይሻላል። አንድ ሰው ከላይኛው ቤት ወደ ግቢው እንዲወርድ፣ ሌላው ከታች ከእርሻው እንዲወጣ፣ ሦስተኛው በዚያው እርከን ላይ እንዲራመድ አድርጎ የተቀመጡት ተናጋሪዎች የሚያዩትን እንዲናገሩ ይደረጋል። ቀጥሎ ከቤት እስከ ውኃው፣ ከውኃው እስከ ገበያው ያለውን መንገድ ቢያንስ ሦስት ሰዎች ለየብቻ ይተርካሉ። በዚህ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፤ ከቀረጻው ጋር ተናጋሪው የት እንደተቀመጠ፣ ዳገቱ በየት በኩል እንደነበር የሚያሳይ ንድፍ መኖር አለበት። በደብተሩ ጠርዝ ላይ አንዲት ቀስት ትበቃለች። ያለዚያች ቀስት ከሁለት ዓመት በኋላ «ዩሳ» የሚለውን ቃል በጆሮው የሚሰማ ሰው ትክክል ይሁን ስሕተት ማረጋገጫ አይኖረውም።

ድምፅን በተመለከተ የአማርኛ ተናጋሪ አጥኚ የራሱን ጆሮ ማወቅ አለበት። እኛ ነዛሪውን «ገ»፣ ኢነዛሪውን «ከ»፣ ፈንጂውን «ቀ» እንለያለን። ኔፓልኛ ፈንጂ የለውም፤ ትንፋሽ የሚከተለውንና የማይከተለውን ግን ይለያል፤ በነዛሪዎቹም ላይ እንዲሁ አድርጎ በአንድ ቦታ አራት ድምፅ ያወጣል። ትንፋሽ የሌለውን «ክ» የአማርኛ ጆሮ አንዴ «ከ»፣ አንዴ «ቀ» እያለ ያመነታል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተጻፈ ዝርዝር በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ እንደገና ይጻፋል። ቀላሉ ፈተና ጣት የሚያህል ስስ ወረቀት ከተናጋሪው ከንፈር ፊት መያዝ ነው፤ ትንፋሽ ያለው «ፕ» ወረቀቱን ያወዛውዘዋል፣ የሌለው አያንቀሳቅሰውም። ለተቀሩት ድምፆች ፕራት በሚባለው የድምፅ መተንተኛ ፕሮግራም ላይ በእግዳቱ መፈታትና በንዝረቱ መጀመር መካከል ያለውን ጊዜ መለካት ያስፈልጋል። ጥርስ የሌላቸውን አረጋዊ ብቻ ይዞ የድምፅ ጥናት ማድረግም አይገባም፤ ታሪክና ተረት ከእሳቸው፣ የ«ስ» እና የ«ት» ልዩነት ደግሞ ከሌላ ሰው ይወሰዳል።

የቃላት ዝርዝር ሲቀዳ ሰው ሳያስበው ዜማ ያበጅለታል። ዝርዝሩ እስካላለቀ ድረስ ድምፁ ከፍ ይላል፣ የመጨረሻው ቃል ላይ ይወርዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል ሦስት ጊዜ ይባልና የሚለካው መካከለኛው ይሆናል። ታንግሚ ላይ ይህን ቸል ያለ ሰው ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ጎረቤቱ ታማንግ ላይ ግን ሥራው በሙሉ ይበላሻል፤ ታማንግ ቃል ከቃል የሚለዩ አራት ቃናዎች አሉትና። እዚያ ቃሉ ብቻውን አይቀዳም፤ በአንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር መካከል ይገባል፣ ከጎኑ ያሉት ቃላት አይለወጡም። ከዚያ ቃላቱ በትንንሽ ወረቀቶች ላይ ተጽፈው ተናጋሪው ራሱ «ይህ እንደዚያ ነው» እያለ በየክምሩ እንዲደረድራቸው ይደረጋል። ክምሮቹ አራት ሆነው ሲወጡ አጥኚው የሰማው ሁለት ብቻ ከሆነ የሚታረመው የአጥኚው ጆሮ ነው። የአማርኛ አንባቢ ይህን ከራሱ ያውቀዋል፤ «አለ» ብለን ጽፈን ሲጠብቅ አንድ፣ ሲላላ ሌላ የምናነበው ፊደላችን መጥበቅን ስለማይጽፍ ነው። ጽሕፈት ያልያዘውን ልዩነት ተናጋሪው ሁሌ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ግሱ እንግባ፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላውና ከሁሉም በላይ የሚክሰው እሱ ነው። ከዶላካ ወደ ምሥራቅ ያሉት የኪራንቲ ቋንቋዎች ግሳቸው ላይ አድራጊውንም ተደራጊውንም ይጽፋሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «አየሁህ» በአንድ ቃል ሁለት ሰው ይዟል። ልዩነቱ ብዛቱ ላይ ነው። ሊምቡን እንውሰድ። «አንቺ» የሚለው ቃል ለአማርኛ ጆሮ ሴት መጥራት ይመስላል፤ በሊምቡ ግን «እኔና አንተ፣ ሁለታችን» ማለት ነው። «አንቺጌ» ደግሞ «እኔና እሱ፣ አንተ የሌለህበት» ይሆናል። ከሁለት ሲበልጡ አንተን የሚጨምረው «አኒ»፣ አንተን የሚያስወጣው «አኒጌ» ነው። የእኛ «እኛ» እና የኔፓልኛው «ሃሚ» እነዚህን አራቱን ያዳፍናቸዋል።

ከዚህ በመነሳት የሥራው መጠን ይሰላል። መደቡና ቁጥሩ (ነጠላ፣ ሁለት፣ ብዙ)፣ አንተን የሚጨምረውና የሚያስወጣው «እኛ»ም ለየብቻ ተቆጥሮ 11 ክፍሎች ይወጣሉ። 11 በ11 ሲባዛ 121 ይሆናል። «እኔ ራሴን»፣ «አንተ ራስህን» ዓይነቶቹ ሌላ አገላለጽ ስላላቸው 34 ይቀነሳሉ፤ «እኔና አንተ አንተን» ዓይነቶቹ ትርጉም ስለማይሰጡ 12 ይቀነሳሉ፤ 75 ይቀራሉ። ያለፈና ያላለፈ ጊዜ፣ አዎንታና አሉታ ሲጨመር አንድ ግስ 300 ሣጥን ይሞላል። ብዙዎቹ ሣጥኖች አንድ ዓይነት ቅርጽ ይኖራቸዋል፤ የትኞቹ እንደሚመሳሰሉ ግን ሁሉም ሳይጠየቁ አይታወቅም። በአንድ ተቀማጭ ከ30 ደቂቃ በላይ እንዲህ መጠየቅ ሰውን ያደክማል፤ የደከመ ሰው ደግሞ የቀደመውን መልስ ይደግማል፣ ሠንጠረዡም ሐሰተኛ ተመሳሳይነት ይሞላበታል። 40 ያህሉን በአንድ ቀን፣ ያንኑ 40 በሌላ ቀን በሌላ ቅደም ተከተል ከሌላ ሰው ጋር መድገም ነው። ግሱም ቢመረጥ ጥሩ ነው። «መታ» ለጠያቂም ለተጠያቂም ደስ አይልም፤ «ጠበቀ»፣ «አየ»፣ «አበላ» ሰው ሳይሸማቀቅ ይናገራቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስተው የመደብ መገለባበጥ ነው። አጥኚው «‹አየሁህ› እንዴት ይባላል?» ብሎ ይጠይቃል። ተናጋሪው ጥያቄውን ለእሱ እንደተነገረ ወስዶ ከራሱ ቦታ ይመልሳል፤ የሚሰጠው «አየኸኝ» ይሆናል። አንዱ ሁሌ ቢገለበጥ ማረም ይቻል ነበር፤ ችግሩ ግማሹ ተገልብጦ ግማሹ ሳይገለበጥ መምጣቱ ነው። መፍትሔው ሁለት ወይም ሦስት ተናጋሪዎችን አስቀምጦ እርስ በርሳቸው እንዲባባሉ ማድረግ ነው። ለብዙ ሰው ጠጠር ይደረደራል፤ ይህ አንተ፣ ይህ እሷ፣ እነዚህ ሁለቱ እነሱ ተብሎ ይሰየማል። ቀረጻው ላይ ማን ለማን እንደተናገረ በድምፅ ይነገር።

ጎረቤት ማጥናት ምን እንደሚጠቅም በኔዋር ላይ በደንብ ይታያል። የካትማንዱ ኔዋርና የዶላካ ኔዋር በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ተናጋሪዎቻቸው ግን አይግባቡም። የዶላካው ግስ በመደብና በቁጥር ይለዋወጣል፤ ካሮል ጀነቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመችው ሰዋስው በዝርዝር ያሳያል። የካትማንዱው ግን ሌላ ሥርዓት አለው። «እኔ ሄድኩ» ሲል የሚጠቀምበት ቅርጽ «አንተ ሄድክ ወይ?» በሚለው ጥያቄ ውስጥም ይገባል፤ «እሱ ሄደ» የተለየ ቅርጽ ይይዛል። ሁለቱን የሚያስተሳስረው ድርጊቱን ከውስጥ የሚያውቀው ማን ነው የሚለው ነው፤ በዐረፍተ ነገር ተናጋሪው፣ በጥያቄ ተጠያቂው። ኦስቲን ሄል ይህን ለምሁራን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1980 ነበር። አጥኚው ጥያቄያዊ ዐረፍተ ነገር ካልሰበሰበ ይህን የመደብ ቅጥያ ነው ብሎ ይጽፈዋል። ስለዚህ በቲቤቶ-በርማ አገር የግስ ሠንጠረዥ ያለ ጥያቄ አይሞላም፤ ከእያንዳንዱ «እሄዳለሁ» ጎን «እሄዳለሁ ወይ?» እና «ትሄዳለህ ወይ?» መኖር አለባቸው።

ታንግሚም ግሱ ላይ መደብ ይጽፋል። እንግዲህ ታንግሚ የማን ዘመድ ነው? ቀደም ብሎ ሮበርት ሼፈር ታንግሚንና በጎርካ ወረዳ የሚነገረውን ባራምን ከምዕራብ ሂማላያ ቋንቋዎች ጋር መድቧቸው ነበር። ጆርጅ ፋን ድሪም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኔዋርን፣ ባራምን፣ ታንግሚንና ኪራንቲን «ማሃኪራንቲ» በሚል አንድ ጎጆ አስገባቸው፤ ኋላ ተጨማሪ መረጃ ሲያይ ሐሳቡን ራሱ ተወው። ይህን የማነሳው ለነቀፌታ ሳይሆን ለአክብሮት ነው። የመደብ ቅጥያ መኖሩ ብቻ ዝምድና አያረጋግጥም፤ ከጥንት ከጋራ አያት የተወረሰ ቅርስ ሁለት ሩቅ ዘመዶች ዘንድ ሊቆይ፣ ሌሎቹ ዘንድ ሊጠፋ ይችላልና። ቅርብ ዝምድናን የሚያሳየው አብረው የፈጠሩት አዲስ ነገር ነው።

የታንግሚና የኔዋር የጋራ ቃላት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣሉ፤ ውርስ ናቸው ወይስ ውሰት? ከገበያ ከተማ ጋር ዘመናት የኖረ ገበሬ ቃል መዋሱ አይቀርም። እዚህ ላይ የሚረዱ ፈተናዎች አሉ። ቃሉ የዕቃ፣ የመስፈሪያ፣ የበዓል ወይም የሹመት ስም ከሆነ ውሰት ይጠረጠራል፤ የሰውነት ክፍል፣ ተውላጠ ስምና የተራ ድርጊት ግስ በቀላሉ አይዋሱም። ዓይን በቲቤትኛ «ሚግ»፣ በሊምቡ «ሚክ»፣ በኔዋር «ሚካ» ነው፤ ይህ ተራርቀው ከሚኖሩ ሰዎች አፍ የሚወጣ የድሮ ቤተሰብ ቃል ነው። በተቃራኒው ሁለት ቃላት ከመጠን በላይ ተመሳስለው ከተገኙ ያሳስባል፤ እውነተኛ ዘመድ ቃላት በየቋንቋው የድምፅ ለውጥ ውስጥ ስላለፉ ሥርዓት ያለው ልዩነት ያሳያሉ። ቁጥር ለዚህ ጥያቄ ብዙም አይረዳም፤ በብዙ የሂማላያ ትንንሽ ቋንቋዎች ከጥቂት ቁጥሮች በላይ የሚቆጠረው በኔፓልኛ ነው።

ይህን ፈተና ለማድረግ ያው ዝርዝር፣ በዚያው መቅጃ፣ በዚያው አጠያየቅ በታንግሚ፣ በዶላካ ኔዋር፣ በታማንግና በአካባቢው ኔፓልኛ መሰብሰብ አለበት። የሌላ ሰው የካትማንዱ ኔዋር መዝገበ ቃላት አይተካውም፤ ታንግሚ የተዋሰው ከካትማንዱ ሳይሆን ከዶላካ ነውና። ዝርዝሩም ለአገሩ የሚስማማ ይሁን። ቋንቋዎችን ለማነጻጸር የተዘጋጁት የስዋዴሽ ዝርዝሮች፣ 100 ወይም 200 መሠረታዊ ቃላት፣ ይበጃሉ፤ «ባሕር» የሚለው ግን ተራራ ላይ ከመዝገበ ቃላት የመጣ የተውሶ ቃል እንጂ ሌላ አያስገኝም። በምትኩ እርከን፣ ኮዶ የሚባለው ዳጉሳ፣ ቀርከሃ፣ የግንባር ማሰሪያና ቅርጫት ይጨመር። ተክል ሲጠየቅ ቅጠሉ፣ አበባውና ግንዱ ከመለኪያ ጋር ፎቶ ይነሣ፣ ከፍታው ይጻፍ። «አንድ ዓይነት ዛፍ» ብሎ የተተረጎመ ቃል ለማንም አይጠቅምም።

ስለ ቀረጻ ብዙ አልዘገይም። በዌቭ ቅርጽ፣ በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት ይቀዳ፤ በሁለት መስመር ሲሆን በሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ከፍተኛው ድምፅ ከ-12 ዴሲቤል (ከዜሮ በታች 12) አይለፍ፤ ከዜሮ ያለፈ ድምፅ ተቆርጦ ይቀራል፣ ኋላ አይጠገንም። ማይክሮፎኑ ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ርቆ፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞሮ፣ የነፋስ መከላከያ ለብሶ ይቀመጥ። ሲቀዳ ጆሮ ማዳመጫ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ለጆሮ የማይሰማ የመሰለው የዶሮ፣ የእሳትና የቧንቧ ድምፅ መቅጃው ውስጥ ይሰማልና። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ሌሊት ከመኝታ ጋር ይደር። የቀኑ ቀረጻ ሳይገለበጥ አይታደር፤ ሦስት ቅጂ፣ አንዱ ከመንደሩ ውጭ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያና በግንቦት 2015 የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ሁለተኛው የተነሣው በዚሁ በዶላካ አቅራቢያ ነበር፤ በአንድ ቤት የተቀመጠ ብቸኛ ቅጂ እንደዚህ ላለ ቀን የተጋለጠ ነው።

ቀረጻ መሰብሰብ ግን ቀላሉ ሥራ ነው። አንድ ሰዓት ጭውውት ለመጻፍ፣ ለመተንተንና ለመተርጎም ከ30 እስከ 100 ሰዓት ይፈጃል። 40 ሰዓት ቀድቶ 3 ሰዓት ብቻ ጽፎ የተመለሰ አጥኚ የቀረውን ያለ ተናጋሪ ሊሠራው አይችልም። የምመክረው ግማሹን ጊዜ ለመጻፍ መመደብ ነው። በኢላን ፕሮግራም ንግግሩ በጊዜ ተቆራርጦ ይጻፋል፣ ፍሌክስ በሚባለው ሌላ ፕሮግራም ቃሉ በምዕላድ፣ ማለትም ትርጉም ባላቸው ትንንሽ ክፍሎች፣ ይከፈላል። ከመንደሩ ወጣቶች ሁለት ሰው ኢላንን ቢማሩ ከአጥኚው የተሻለ ይሰማሉ። መጠንቀቅ ያለብን ወጣት ጸሐፊዎች የንግግሩን መንተባተብና የኔፓልኛ ቃላት «ማጽዳት» ስለሚወዱ ነው። የተባለው ሁሉ እንደተባለ ይጻፍ፤ በቺንታንግ ቋንቋ የግስ ቅድመ ቅጥያዎች ትርጉም ሳይለወጥ ቦታ ሊቀያየሩ እንደሚችሉ የታወቀው ጭውውት ሳይታረም በመመዝገቡ ነው። አንድ ሰዋስው ሊቅ እቤቱ ቁጭ ብሎ ቢሆን ኖሮ አንዱን ቅደም ተከተል «ስሕተት» ብሎ ይሰርዘው ነበር።

ጽሕፈቱ ለሕዝቡ ኔፓልኛ በሚጻፍበት በዴቫናጋሪ ፊደል ይሁን፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚማሩት እሱን ነውና። ለጉሮሮ እግድ ድምፅ በሊምቡ ምክንያት ወደ ዩኒኮድ የገባ የዴቫናጋሪ ፊደል አለ። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የኔፓል ሕገ መንግሥት በአገሪቱ የሚነገሩትን የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ሁሉ የአገሪቱ ቋንቋዎች ይላቸዋል፤ ስለዚህ የመማሪያ መጽሐፍ ማዘጋጀት ሕጋዊ መሠረት አለው። ፈቃድ በቃል ተጠይቆ በቃል ይቀዳ፤ ቀረጻውን ማን ይሰማዋል፣ በኢንተርኔት ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚለው ለየብቻ ይጠየቅ። ጊዜያቸውን ለሚሰጡ ሰዎች ቢያንስ የቀን ሥራ ክፍያ ይከፈል። የታንግሚ የሥርዓት አዋቂዎች፣ ጉሩዎች፣ የሚያዜሙት ጥንታዊ ቃላትን የያዘ ነው፤ የሙታን ሥርዓት የሆነውን «ሙምፕራ» ያለ ጊዜው እንዲያዜሙ ግን አይጠየቅም። ሥርዓቱ ሲደርስ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ከርቀት ይቀዳል። ካልፈቀደ ይቀራል።

ከመንደሩ ከመውጣት በፊት ባሉት ቀናት የተጻፈው ሁሉ ለተናጋሪዎቹ ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው፤ ቢቻል ከተተረከበት ከዚያው ግቢ ተቀምጦ። መንገዱን የተረኩት ሰው «ይህማ ‹ራሳ› አይደለም፣ ከላይ ነው የመጣው» ካሉ ቃሉ ይታረማል፤ ከጎኑም በደብተሩ ላይ ያለችው ቀስት ወደየት እንደምታመለክት ይታያል።